ጥፍር የምታክል ሥዕል

ሰፈሩ «ብሩሽ» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ቆማ የሱቅ ማስታወቂያ ስትጽፍና ስትሥል የኖረች ሴት ናት። ፀጉር ቤቱ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ጎማ ሻጩ፣ ሁሉም በሩ ላይ የሰቀለው ቆርቆሮ በእሷ እጅ ያለፈ ነበር። ጎማ ስትሥል አላፊ አግዳሚው «ያዙት፣ እንዳይንከባለል!» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ኋላ ማተሚያው መጣ። እሷ በአራት ቀን የምትጨርሰውን በአራት ደቂቃ ላስቲክ ላይ አትሞ የሚተፋ፣ የበር ስፋት ያለው ማሽን። መጀመሪያ ሰሞን «ፀሐይ ሲመታው ይለቃል፤ ያኔ ተመልሰው ይመጣሉ» ብላ ተጽናናች። እውነትም ለቀቀ። ሰዉ ግን ሌላ አሳተመ እንጂ ወደ እሷ አልተመለሰም። ብሩሽ ዞራ ዞራ መድረሻ ስታጣ ማሽኑ ያለበት ቤት ገብታ ተቀጠረች። ሥራዋ የታተመውን ላስቲክ ጠርዝ በምላጭ እያስተካከለች መቁረጥና ጥግ ጥጉን እየበሳች የብረት ቀለበት መምታት ሆነ። ሌላው የሠራውን ሥዕል ዳር ዳሩን ስትቆርጥ መዋል ለእሷ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድሟን ቤተሰቡ «ሚጢጢ» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ይመታል፣ ሚጢጢነቱ ግን ከሕፃንነቱ እንደተለጠፈበት ቀርቷል። ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ነው። ደህና መሥሪያ ቤት፣ ደህና ወንበር ነበረው። አንድ ቀን «የራሴን ጌም ልሠራ ነው» ብሎ ወንበሩን ትቶ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በመስኮቱ ሥር፣ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ኖረ።

ጌሙ «ሳይዘንብ» ይባላል። አንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች፤ ደመና ይመጣል፤ ሳይዘንብ ልብሱን ማውረድ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ተኩስ የለ፣ እሽቅድድም የለ፣ መሸነፍ የለ። ቢዘንብ እንኳ ሴትዮዋ ጨምቃ በማግስቱ መልሳ ታሰጣዋለች። ብቻ ልብሱን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ቤተሰብ ያያል። የልጁ ሱሪ እየረዘመ ይሄዳል። የሴቷ ልጅ ቀሚስ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ይታያል። አንድ ቀን ደግሞ ከገመዱ ላይ የአባትየው ነጭ ሸሚዝ ይጠፋል። ለምን እንደጠፋ ጌሙ አይናገርም። መቆንጠጫዎቹ ብቻ በቦታቸው ባዶ ገመድ ነክሰው ይቀራሉ።

እናታቸው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። አባታቸው የሞተው ሚጢጢ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ነው። ብሩሽ ጌሙን ከጥግ እስከ ጥግ የተጫወተችው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን፣ ሸሚዙ የጠፋበት ቦታ ስትደርስ ላፕቶፑን እንደያዘች ተንሰቀሰቀች። ወንድሟ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አያትና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ጌሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ነው ሚጢጢ ወንበር ስቦ አጠገቧ የተቀመጠው።

«እታለም፣ ሥዕሉን አንቺ ሥሪልኝ።»

«የምኑን ሥዕል?»

የጨዋታ መሸጫውን ገጽ ከፍቶ አሳያት። በመቶ የሚቆጠሩ ጨዋታዎች በመደዳ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሥዕል አላቸው። ገዢው ዓይኑን እያንሸራተተ ያልፋል። ሥዕሉ ከያዘው ይነካዋል፣ ካልያዘው ያልፈዋል። ጨዋታው ስንት ዓመት ይፍጅ፣ ስንት እንባ ይኑረው፣ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ግን ያለው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። የእሱ ገጽ ከተከፈተ ግማሽ ዓመት ቢያልፈውም የሚያየው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

«እኔ እኮ የጎማ ሰዓሊ ነኝ» አለችው።

«እኔ የሠራሁትን አይተሽዋል?»

አይታዋለች። ግራጫ ግቢ፣ በሩቅ የምትታይ ቁንጫ የምታክል ሴት፣ ከላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፊደል።

«አይከፋም።»

«እታለም፣ በሞቴ።»

«እሺ፣ ይከፋል።»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እንዲህ አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው ነበር።

ብሩሽ ሦስት ሳምንት ሠራች። ከሥራ ስትመለስ ብርሃን እያለ በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን። ከስንት ዓመት በኋላ የቀለም ቆርቆሮ ስትከፍት ሽታው ራሱ አሰከራት። ሠላሳ አንድ ልብስ ሣለች፤ የእያንዳንዱን እጥፋት፣ የእያንዳንዱን ቁልፍ። ያደጉበትን ግቢ ሣለች፣ ባልዲውን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ በስንጥቁ የምታጮልቀውን እንሽላሊት። የእናቷን እጅ ስትሥል እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ በሳሙና የሻከረውን ጣት አንድ በአንድ አየችው። አዛውንቷ ሥዕሉ ሲያልቅ ቀርበው አዩትና «እንሽላሊቷን እንኳን አልረሳሻትም» አሉ።

ሚጢጢ ፎቶ አንሥቶ ገጹ ላይ ሰቀለውና ስልኩን አቀበላት። ብሩሽ ፈለገችው።

«የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው፤ ከአውሮፕላኑና ከኬኳ መሃል።»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ሠላሳ አንዱ ልብስ፣ እንሽላሊቷ፣ የእናቷ እጅ፣ ሁሉም ተጨማድዶ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል። አንድ ሰው ሾርባ ደፍቶ የሄደ ነው የሚመስለው። በግራው ያለው አውሮፕላን ከነጭሱ ይታያል፤ በቀኙ ያለችው ኬክ ከነፈገግታዋ ትታያለች። የእሷ ግን ምን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ቆንጆ እኮ ነው፣ ትልቁን ላየው…» ሲል ጀመረ።

«ተወኝ። ማንም ትልቁን አያየውም።»

ያን ሌሊት ዕንቅልፍ የነሳት ሥዕሉ አለመታየቱ አልነበረም። እንደማይታይ አስቀድማ ማወቅ የነበረባት ሰው መሆኗ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ሥራ ምን ሆነና! ማስታወቂያ የሚጻፈው አውቶቡስ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ያ ሰው ዓይኑን ሦስቴ እስኪያርገበግብ ጊዜ አለው፤ ከዚያ አውቶቡሱ አለፈ። ስለዚህ አንድ ነገር ትሥያለሽ፣ እሱንም ታገዝፊዋለሽ፤ ፊደሉ ወፍራም ይሁን፤ ጠቆር ባለው ላይ ነጣ ያለውን፣ ቀዝቀዝ ባለው ላይ ሞቅ ያለውን ትጥያለሽ፤ የቀረውን ትተያለሽ። ለጎማ ሻጩ ሲሆን ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ለገዛ ቤቷ ሲሆን ግን ምኑን ትታ ምኑን ትያዝ?

በማግስቱ እጅጌዋን ሰብስባ ጀመረች። ከማተሚያ ቤቱ ቁርጥራጭ ካርቶን አመጣችና ጥፍር ጥፍር እያሳከለች አርባ ትንንሽ ሥዕል ሠራች። የሌሎቹን ጨዋታዎች ሥዕል በዚያው መጠን አሳትማ ግድግዳው ላይ ደረደረቻቸውና የራሷን መሃላቸው እየሰካች፣ በሩ ጋ ቆማ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታያለች። የማይለየውን ትነቅላለች። ሚጢጢ ደግሞ በኮምፒውተሩ ቀለሙን አጥፍቶ በጥቁርና ነጭ ያየዋል፤ በግራጫ ብቻ ሴትዮዋ ከኋላዋ ካለው ነገር ካልተለየች ሥዕሉ ወደቀ ማለት ነው። እሷ በዓይኗ፣ እሱ በማሽኑ የሚጥሉት አንድ ሆኖ ሲገኝ እጅ ለእጅ ይማቱ ነበር።

ከአርባው ሁለት ቀረ። በአንዱ ላይ ሴትዮዋ ከገመዱ ሥር ተቀምጣ ቀና ብላ ደመናውን ታያለች፤ ከበላይዋ አንድ ነጭ ሸሚዝ። በሌላው ላይ ሴትዮዋ እየሮጠች ነው። ቀይ አንሶላ በነፋስ ተነፍቶ እንደ ክንፍ ከኋላዋ ተዘርግቷል፤ ጥቁሩን ሰማይ መብረቅ ሰንጥቆታል፤ አንሶላው ላይ «ሳይዘንብ» የሚለው ስም በወፍራሙ ተጽፏል።

ብሩሽ ሁለቱንም ይዛ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት አሳየች። ሰውየው ነገር የማያበዛ ሰው ነው።

«የትኛው ዓይንዎ ውስጥ ገባ?»

ባለቤቱ አላመነታም፤ በምላጩ ጀርባ የምትሮጠዋን ነካ። ብሩሽ በዚያ ቀን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አሳየች። ሁሉም የምትሮጠዋን አሉ።

ሚጢጢ ግን ፊቱ አልፈታም።

«እታለም፣ እዚህ ጌም ውስጥ እኮ መብረቅ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ማንም አይሮጥም።»

«አንተ ልጅ፣ ስማኝ። ሰዉ መጀመሪያ በሩን ይርገጥ። አንዴ ከገባ ጨዋታው ራሱ ይይዘዋል። እኔን አልያዘኝም?»

እናትየው ሥዕሉን ከእጇ ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«አንቺ ነሽ እኮ፣ እማዬ።»

«እኔ? እኔ መቼ ሮጥኩ? ሠላሳ ዓመት ልብስ ሳሰጣ አንድ ቀን ሮጬ አላውቅም። የታጠበ ልብስ ይዞ የሚሮጥ ሰው መልሶ ሊያጥብ ነው።»

ሁለቱም ሳቁባቸው። ሚጢጢም እየሳቀ «ይሁን እሺ» አለ። ያቺን «ይሁን እሺ» ብሩሽ በኋላ ስንት ጊዜ እንደምታመላልሳት ያኔ አላወቀችም።

ጨዋታው በወጣበት ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ሚጢጢ ከወንበሩ አልተነሣም። ብሩሽ ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታለች። ምሳ ሳይደርስ የገባው ሰው፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ከገባው ሁሉ በልጦ ነበር። ከሰዓት በኋላ መሸጫው ራሱ ጨዋታውን ፊት ለፊት ካሉት መደዳዎች ወደ አንዱ አወጣው። በዚያ ሁሉ ሥዕል መሃል ቀዩ አንሶላ ብቻ ዓይን ይወጋል። ሚጢጢ ዘሎ ተነሥቶ ግንባሩን ከመስኮቱ ጉበን ጋር አጋጨ፤ እያሻሸም ሳቀ። እናቱን ከመቀመጫቸው አንሥቶ አዞራቸው። ብሩሽ ስልኳን እያየች «በላቸው! በላቸው!» ስትል ዋለች፤ ማንን እንደሆነ እሷም አታውቅ።

የመጀመሪያው አስተያየት የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። «ሥዕሉን አይቼ ከማዕበል የማመልጥበት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ካልሲ መስቀል ነው።» ከሥሩ ወደ ታች የተዘቀዘቀ አውራ ጣት።

«አንድ ሰው ነው» አለች ብሩሽ።

እስከ ምሳ ሃያ ሆኑ። «መብረቁ የታለ?» «አንድ ሰዓት ሙሉ ልብስ አወረድኩ፤ የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ።» «መለስኩት።» «መለስኩት።» ተናደው የመጡ ሰዎች ናቸው እንጂ ክፉዎች አልነበሩም። አንዱ እንዲያውም በጨዋ ቋንቋ «ጨዋታው ምናልባት ለሌላ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለእኔ የተነገረኝ ሌላ ነው» ብሏል። ብሩሽን አጥንቷ ድረስ የወጋት ግን ባለ አንድ መስመሩ ነበር፦ «ሥዕሉን የሠራው ሰው ጨዋታውን አይቶት ያውቃል?»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በአራተኛው ቀን ገጹ ላይ ያለው የገዢዎች ጠቅላላ ፍርድ ቀይ ሆነ፤ ያልወደዱት ከወደዱት በለጡ። ሚጢጢ እያንዳንዱን አስተያየት አንድ በአንድ ያነባል፤ አይናደድም፣ አይመልስም። እናቱ የሚያቀርቡለት ምግብ እንደቀረበ ይነሣል። ብሩሽ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ልቀይረው» አለች በመጨረሻ። «ያቺኛዋን፣ የተቀመጠችዋን፣ በሁለት ቀን አደርስልሃለሁ።»

«ግዴለም፣ እታለም።»

«ግዴለም አትበለኝ!»

ሁለት ቀን ከማተሚያ ቤት ቀርታ ሠራች። ሴትዮዋን አስቀመጠቻት። ሰማዩን ዝናብ ያዘለ አመድማ አደረገችው። ነጩን ሸሚዝ ብቻውን ሰቀለችው። ፊደሉን አወፈረችው፤ ግን እንዳይጮኽ አድርጋ በገመዱ ላይ እንደ ልብስ አንጠለጠለችው። ጥፍር አሳክላ ስታየው ሴትዮዋም ትታያለች፣ ሸሚዙም ይታያል፣ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነም ይታያል። በዕድሜዋ ከሠራችው ሁሉ ይህን የሚያህል አልነበረም። ይህንንም ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው በእርግጠኝነት አወቀችው።

ሚጢጢ ሰቀለው። አንድ ቀን ጠበቁ፣ ሦስት ቀን ጠበቁ፣ ሳምንት ሆነ። የገባ ሰው የለም ማለት ይቀላል።

«ለምን?» ስትል ጠየቀችው። «ይሄ እኮ ይሻላል። አንተም አይተኸዋል፣ ይሻላል።»

«ይሻላል። ግን አሁን ማን ያየዋል? መሸጫው ሰው ያልወደደውን ነገር ወደ ኋላ ነው የሚወስደው። እኛ አሁን መጋዘን ውስጥ ነን። መጋዘን ውስጥ የተሰቀለ ማስታወቂያ ማንበብ የሚችለው አይጥ ብቻ ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልወጣም።

«ስደበኝ» አለችው። «በፈጠረህ፣ አንድ ነገር በለኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሚጢጢ የላፕቶፑን ክዳን ዝቅ አድርጎ ዘጋው።

«እታለም፣ እኔ በሥዕሉ አይደለም የተከፋሁት። እሺ ብያለሁ፣ እኔም አለሁበት። ግን ሸሚዙ ጋ ደርሰሽ ስታለቅሺ በሩ ላይ ቆሜ አይቼሻለሁ። አራት ዓመት የሠራሁት ለዚያች ደቂቃ ነው፤ ሠራልኝ ብዬ ወጥ ቤት ገብቼ እኔም አለቀስኩ። አንቺ ያንን አይተሽ፣ ያንን ቀምሰሽ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ መብረቅ ሣልሽበት።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ማንም ሰው ሊሠራው ይችል ነበር። አንቺ ግን ታውቂው ነበር።»

ብሩሽ በረንዳ ወጥታ የቀለም ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከደነች።

ከወር በኋላ ሚጢጢ በሌላ ከተማ ሥራ አገኘ፤ የአንድ ድርጅትን ኮምፒውተሮች ሲበላሹ መጠገን። ላፕቶፑን ይዞ ሄደ። በመስኮቱ ሥር ወንበሩ ብቻ ቀረ፤ እናቱ ልብስ ይከምሩበት ጀመር።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብሩሽ አንድ ቀን ምላጯን ይዛ ስትቆርጥ ከማታውቀው ሰው መልእክት መጣላት። ጨዋታ የሚሠራ ሰው ነው። ስሟን ያገኘው ከጌሙ መጨረሻ፣ የሠሪዎቹ ስም ከተጻፈበት ነው። «ያ የቀዩ አንሶላ ሥዕል፣ በአንድ ቀን ያን ያህል ሰው ያስቆመ ሥዕል፣ የአንቺ ነው አይደል? ለእኔም እንደዚያ ያለ ሥሪልኝ።» ሰረዘችው። በሳምንቱ ሌላ መጣ፤ ቀጥሎም ሦስተኛ። ሁሉም «እንደዚያ» ነው የሚሉት። የተቀመጠችዋን ሴት ያነሣ አንድም ሰው የለም። ሁሉንም ሰረዘች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እንደ ልማዷ የጌሙን ገጽ ልትከፍት ስልኳን ነካች። በየቀኑ ትከፍተዋለች፤ ምናልባት አንድ ሰው ያቺን የተቀመጠች ሴት አይቶ ይገባ ይሆናል እያለች። ገጹ የለም። ስልኩ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ደጋግማ ሞከረች። የለም። ግራ ቢገባት ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጌሙ የት ሄደ?»

«አወረድኩት።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ለምን ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ እታለም። የሚያየው የለም። እኔም ስከፍተው ቀዩን ብቻ ነው የማየው፣ ባይኖርም እንኳ።» ከኋላው የሰው ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሰው ይጠራዋል። «ሥራ ላይ ነኝ። እማዬን ሰላም በያት።»

ብሩሽ ስልኩን ኪሷ ከታ የቀረውን ላስቲክ ቆረጠች። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ከመስመር ወጣች።

እናቷ አሁን እሷን ብቻ ነው የሚጠብቁት፤ በየወሩ የሚገዛላቸው መድኃኒትም አለ። በክረምቱ መጨረሻ አንድ መልእክት ሲመጣ ብሩሽ አልሰረዘችውም። «እሺ፣ ጨዋታውን ላኩልኝና ልጫወተው» ብላ ጻፈች። «ጨዋታው አያስፈልግሽም፣ ስሙንና ቀለሙን እንልክልሻለን። ሰው የሚያስቆም ይሁን እንጂ» የሚል መልስ መጣ። እንደገና ለመነች፤ መልሱ ያው ነበር። ሠራችው። ሰው አስቆመ። ሌላ መጣ፣ እሱንም ሠራች። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሲሰማ ከምላጩ አንሥቶ በመስታወት ታጥሮ በተለየው የሥዕል ክፍል ወንበር ሰጣት። ጎረቤቱ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይገባሻል» አላት። ታመሰግናለች። ውስጥ ያለውን ሳታውቅ ከላይ ትቀባለች፤ ጥሩም ትቀባለች።

ሚጢጢ አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን መጥቶ ነበር። ከስቷል። የላላውን የወጥ ቤት በር ማጠፊያ አጥብቆላቸው፣ እናቱን ሐኪም ቤት አድርሶ መለሰ። ማተሚያ ቤት ብቅ ብሎም የእህቱን አዲስ ክፍል አየ። ስክሪኑ ላይ የዚያን ቀን ሥራዋ ነበር፤ በእሳት መሃል የሚዘል ቀበሮ።

«ጥሩ ነው» አለ።

«ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«ጥሩ ነው ግን። ይታያል።»

አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሸኘችው። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን በልቧ ስታደራጅ ሄደች፤ ይቅር በለኝ ማለት ብቻ አልነበረም የፈለገችው፣ ከዚያ የበለጠ ነገር ነበር፣ ግን ቃል አልሰጥ አላት። አውቶቡሱ ከሩቅ ብቅ አለ። ብሩሽ ወደ ታች ስታይ የወንድሟ ጫማ በጎኑ ተተርትሯል።

«ጫማህ ጠቦሃል እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ሌላ ግዛ እንጂ። እግርህን ታበላሻለህ።»

«እሺ፣ እገዛለሁ።»

በሩ ተከፈተ፤ ሚጢጢ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከወዲያ በኩል ስለተቀመጠ ፊቱ አልታያትም። እሷም አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆማ አየችና ሥራ ስለቀራት ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለሰች።